ጉበት ላይ ዕጢ ያለበትን ሰው ቤት ውስጥ ማስታመም፦ ችግሮቹን ቀድሞ ለማወቅና ለመያዝ

"ጉበት ላይ ዕጢ አለ" ሲባል የቤተሰቡ ሐሳብ ሁሉ ወደ ዕጢው ይሄዳል። ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? በቀዶ ሕክምና ይወጣል ወይ? አድጓል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ታማሚውን በእኩለ ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሮጠው ብዙ ጊዜ ዕጢው ራሱ አይደለም። በዙሪያው ያለው ጉበት መድከሙ ነው። ሆድ ውሃ ይቋጥራል። ደም ያስመልሳል። ሰው ይቀባዥራል። ዓይን ቢጫ ይሆናል።

ደግነቱ አብዛኞቹ ችግሮች ድንገት ዱብ አይሉም። ምልክታቸው ቀናት ቀደም ብሎ ይታያል። የሚያየው ደግሞ በወር አንዴ የሚያገኛችሁ ሐኪም ሳይሆን አብሮ የሚያድረው አስታማሚ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለአስታማሚ ነው። መድኃኒትና መጠን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እዚህ ያሉት ቁጥሮች ከሐኪሙ ጋር ስትነጋገሩ ነገሩ እንዲገባችሁ ናቸው።

1. ዕጢው ምን እንደሆነ በደንብ ጠይቁ

ዕጢ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ለሌላ ጉዳይ በተነሣ አልትራሳውንድ ላይ በአጋጣሚ ከሚገኙት ብዙዎቹ ሄማንጂዮማ የሚባሉ ከደም ሥር የሚነሡ ዕጢዎች ናቸው። አብዛኞቹ ሕክምና አይፈልጉም። እኛ አገር ደግሞ በአሜባ የሚመጣ የጉበት መግልና ከውሻ የሚተላለፈው የሃይዳቲድ ከረጢትም አሉ። ሁለቱም በምስል ላይ ዕጢ መስለው ሊያሳስቱ ይችላሉ። ሕክምናቸው ግን ሌላ ነው። የሃይዳቲድ ከረጢት እንዲያውም ያለ ጥንቃቄ በመርፌ መወጋት የለበትም።

ካንሰር ከሆነም ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ከራሱ ከጉበት የተነሣ ነው። ሌላው ከአንጀት፣ ከጡት ወይም ከጨጓራ ተነሥቶ ጉበት ላይ ያረፈ ነው። ከጉበት የተነሣውን ለመለየት ቀለም ተሰጥቶ በተለያየ ደረጃ የሚነሣ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ሲሮሲስ፣ ማለትም የጉበት ጠባሳ፣ ያለበት ሰው ላይ ምስሉ ግልጽ ከሆነ ናሙና መውሰድ ላያስፈልግ ይችላል። ኤኤፍፒ የሚባለው የደም ምርመራ ጤናማ ሆነ ማለት ካንሰር የለም ማለት አይደለም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ቀጠሮ ስትሄዱ ሦስት ጥያቄ ጽፋችሁ ያዙ። ዕጢው ምን ዓይነት ነው? የመጣው በምን ምክንያት ነው፤ በሄፓታይተስ ቢ፣ በሲ፣ በአልኮል ወይስ በጉበት ስብ? የቀረው ጉበት አቅሙ ምን ያህል ነው? ሦስተኛውን ሐኪሞች ቻይልድ ፒዩ በሚባል መለኪያ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ብለው ይመድቡታል። አምስት ነገር ያያሉ፦ ቢሊሩቢን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር)፣ አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን)፣ የደም መርጋት ፍጥነት፣ የሆድ ውሃ እና የአእምሮ ንቃት። 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ዓይነት ዕጢ ኤ ላይ ባለ ሰውና ሲ ላይ ባለ ሰው የሚታከመው በተለያየ መንገድ ነው። ፊደሉን እወቁት።

2. ደብተር፣ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር

እነዚህ ሦስቱ ከብዙ ውድ ምርመራ ይበልጣሉ ብዬ አምናለሁ። ጠዋት ታማሚው ከሸና በኋላ፣ ምንም ሳይበላ፣ ተመሳሳይ ልብስ ለብሶ ይመዘን። ሚዛን ከሌለ የልብስ ሰፊ ሜትር እምብርት ላይ ዙሩና ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ ስንት ጊዜ እንደተጸዳዳና የሰገራው ቀለም፣ የሽንቱ ቀለም፣ ሙቀቱ፣ ሌሊቱን መተኛቱ፣ የወሰዳቸው መድኃኒቶች ይጻፉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ክብደቱ በአንድ ቀን 1 ኪሎ ወይም በሳምንት 2 ኪሎ ከጨመረ ደውሉ። ያ ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው። የሚያታልለውም ይሄ ነው። ክንድና ፊት እየከሳ ሚዛኑ ላይ "ክብደት ጨመረ" ይላል፤ ቤተሰቡም ደስ ይለዋል።

የሚከተሉትን ግን ደብተር ላይ ጽፋችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። ግድግዳ ላይ ለጥፏቸው፦

- ደም ማስመለስ፣ ወይም ጥቁር፣ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ሰገራ
- መቀባዠር፣ ሰው መሳት፣ ከእንቅልፍ አልነቃ ማለት
- ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው ላይ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም
- ቢጫነት ከብርድ ብርድና ከትኩሳት ጋር
- ድንገተኛ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ከላብና ራስን ከመሳት ጋር
- ሽንት በጣም መቀነስ ወይም መቆም

ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ "ሆዱን አመመው" ብቻ አትበሉ። "የጉበት ዕጢ አለበት፣ ሲሮሲስ አለበት" በሉ። ያኔ ወረፋውም ሕክምናውም ይለወጣል።

3. ሆድ ውሃ ሲቋጥር

ጠባሳ የያዘ ጉበት ደም በቀላሉ አያሳልፍም። ዕጢው ፖርታል ቬይን ወደሚባለው ትልቅ ደም ሥር ከገባ ወይም እዚያ ደም ከረጋ ግፊቱ ይብሳል። ጉበቱ የሚሠራው አልቡሚንም ይቀንሳል። ኩላሊት ደግሞ ጨው ይይዛል። ውሃው ሆድ ውስጥና እግር ላይ ይጠራቀማል።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ዋና ሥራ ጨው መቀነስ ነው። ግቡ በቀን ወደ 5 ግራም፣ ማለትም ያልሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ይህ ወጥ ውስጥ የምትጨምሩት ብቻ አይደለም፤ ምግቡ ውስጥ አስቀድሞ ያለውም ይቆጠራል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የቤታችን በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። የተዘጋጀ ሽሮም እንዲሁ። ዳቦ ጨው አለው። ቋንጣ፣ ሾርባ ላይ የሚጨመሩት ኩቦች፣ የታሸገ ሥጋና ዓሣ ደግሞ ጨዋቸው ብዙ ነው። ስለዚህ "ወጥ ላይ ጨው አልጨመርንም" ማለት አይበቃም።

መፍትሔው ለታማሚው ብቻ የሚሆን ጨው የሌለበት ትንሽ በርበሬና ሽሮ ለይቶ ማዘጋጀት ነው። ጣዕሙን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በጥቁር አዝሙድ፣ በበሶብላ፣ በቃሪያና በሎሚ መመለስ ይቻላል። መጀመሪያ ሰሞን ያማርራል። ምላስ ይለምዳል። ታማሚው ጨው በመጥላት ብቻ መብላት ካቆመ ግን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ ትንሽ አላሉለት፤ ረሃቡ ከጨው የባሰ ጠላት ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ በሱቅ የሚሸጠውን "የጨው ምትክ" ተጠንቀቁ። ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ነው። ስፓይሮኖላክቶን የሚባለውን የሽንት ኪኒን በሚወስድ ሰው ላይ ከኪኒኑ ጋር ተደምሮ ልብን ሊያቆም ይችላል።

ውሃ መጠጣትን መከልከል ግን በአብዛኛው አያስፈልግም። ሐኪሙ የደም ሶዲየም በጣም ወርዷል ካለ ብቻ ነው።

የሽንት ኪኒኖቹ ብዙ ጊዜ ስፓይሮኖላክቶንና ፉሮሳማይድ ናቸው፤ ፉሮሳማይዱን ሰው ላሲክስ ይለዋል። የተለመደው አጀማመር ስፓይሮኖላክቶን 100 ሚሊግራም ከፉሮሳማይድ 40 ሚሊግራም ጋር ነው። ጠዋት ይሰጡ፤ ማታ ከተሰጡ ታማሚው ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለስ ይወድቃል። እግሩ ያላበጠ ሰው በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ፣ እግሩ ያበጠ ደግሞ ከ1 ኪሎ በላይ መቀነስ የለበትም። በፍጥነት ከወረደ ኩላሊት ይጎዳል። ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዘው ቀን ኪኒኑን ከመስጠታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። አንድ ወንዶች የማይናገሩት ነገር አለ፦ ስፓይሮኖላክቶን የወንድ ጡት ሊያሳብጥና ሊያሳምም ይችላል። አፍረው ዝም ብለው ኪኒኑን ያቆማሉ። እናንተው ጠይቋቸው፤ የሚቀየር መድኃኒት አለ።

ኪኒን ካልበቃ ውሃው በመርፌ ይቀዳል። በአንድ ጊዜ ከ5 ሊትር በላይ ከተቀዳ በየሊትሩ ከ6 እስከ 8 ግራም አልቡሚን በደም ሥር መስጠት ይመከራል። አልቡሚን ውድ ነው፤ አንዳንዴም ቤተሰብ ራሱ ከውጭ ፈልጎ ይገዛል። ስለዚህ ከቀጠሮው ቀን በፊት "ስንት ሊትር ልትቀዱ አስባችኋል? አልቡሚን እኛ እናምጣ?" ብላችሁ ጠይቁ። "በቃ ሁሉንም አውጡለት" ብላችሁ ሐኪሙን አትጎትጉቱ።

ውሃው ከተቀዳ ናሙናው ይመርመር። ውሃው ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ትኩሳት እንኳ ላይኖር ይችላል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በማይክሮ ሊትር 250 ከደረሱ ሐኪሞች የሌላ ምርመራ ውጤት ሳይጠብቁ አንቲባዮቲክ ይጀምራሉ። መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል። እምብርቱ ተገፍቶ ቆዳው ከሳሳ ወይም ውሃ ማንጠባጠብ ከጀመረም የዛሬ ጉዳይ ነው፤ ለነገ አይባልም።

4. አእምሮ ሲደበዝዝ

ይህን ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ሳያስተውለው ያልፋል። ጉበት ማጣራት ያለበት ቆሻሻ፣ በተለይ አሞኒያ፣ ወደ አንጎል ይደርሳል። ሐኪሞች ኢንሴፋሎፓቲ ይሉታል። አጀማመሩ ቀስ ያለ ነው። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ፈጦ ያድራል። ቀኑን ይረሳል። በማይሆን ነገር ይናደዳል። ስልኩን መክፈት ያቅተዋል። "አርጅቶ ነው"፣ "ጭንቀት ነው"፣ አንዳንዴም "መንፈስ ነው" ይባላል። ሰሞኑን የጀመረ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጉበቱ ነው።

ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። በየቀኑ ደብተሩ ላይ ስሙንና ቀኑን እንዲጽፍ አድርጉ። የእጅ ጽሑፉ ከትናንቱ ጋር ሲተያይ ይመሰክራል። ሁለት እጁንም ዘርግቶ መዳፉን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ወደ ፊት ያቁም። መዳፉ በየሰከንዱ እየወደቀ ከተነሣ ምልክቱ አለ ማለት ነው።

ዋናው መድኃኒት ላክቱሎስ የሚባለው ሽሮፕ ነው። ብዙ ሰው "የሆድ ድርቀት የለበትም፣ ለምን ይወስዳል?" ብሎ ያቆመዋል። ላክቱሎስ የሚሰጠው አሞኒያውን በሰገራ ለማውጣት ነው። የተለመደው መጠን ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ሆኖ በቀን ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ነው። ግቡ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለስላሳ ሰገራ ነው። አንዴ ብቻ ከሆነ ይጨመራል፣ አምስት ጊዜ ከሆነ ይቀነሳል። ከመጠን ያለፈ ተቅማጥ ሰውነትን አድርቆ ራሱ መቀባዠሩን ይመልሰዋል። ሐኪሙ ሪፋክሲሚን የሚባል አንቲባዮቲክም ሊጨምርበት ይችላል።

መድኃኒት መስጠት ብቻ ሳይሆን የቀሰቀሰውንም ፈልጉ። የሆድ ድርቀት ነበር? ኢንፌክሽን አለ? ሰገራው ጠቁሯል? የሽንት ኪኒን በዝቷል? ጎረቤት "እንቅልፍ ይውሰደው" ብሎ ዳያዜፓም ሰጥቶታል? የእንቅልፍ ኪኒንና የሚያስተኛ የአለርጂ መድኃኒት ለእንዲህ ያለ ሰው መርዝ ነው። መኪና መንዳትም ይቁም። በደንብ ላልነቃ ሰው ደግሞ ሽሮፕም ሆነ ውሃ በአፍ አትስጡ፤ ወደ ሳንባ ይገባል።

የተደናገረ ሰው ስኳሩ ወርዶም ሊሆን ይችላል። ትልልቅ የጉበት ዕጢዎች የደም ስኳር ሊያወርዱ ይችላሉ፤ የደከመ ጉበትም ስኳር የማከማቸት አቅም የለውም። ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ካያችሁ፣ መለኪያ ካለ ለኩ። መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር በውሃ ወይም ማር ስጡትና ወደ ሕክምና ውሰዱት።

5. ደም መፍሰስ

ወደ ጉበት መግባት ያቃተው ደም መንገድ ይቀይራል። በምግብ ቧንቧና በጨጓራ ያሉ ቀጫጭን ደም ሥሮች ያብጣሉ። አንዱ ከፈነዳ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሲሮሲስ ያለበት ሰው ደም ሳይፈስሰው በፊት ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በአፍ በኩል የሚደረግ ምርመራ፣ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ያበጡት ደም ሥሮች በጎማ ይታሠራሉ፤ ወይም ፕሮፕራኖሎል ወይም ካርቬዲሎል ይታዘዛል። እነዚህን ኪኒኖች "ደም ግፊት የለብኝም" ብሎ በገዛ ፈቃድ ማቆም አደገኛ ነው። ሲወስዳቸው ካዞረው ወይም የልብ ምቱ በደቂቃ ከ50 በታች ከወረደ ግን ለሐኪሙ ንገሩ።

ደም ካስመለሰ በጎኑ አስተኙት። ምንም አታብሉ፣ ምንም አታጠጡ። ቀጥታ ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል። ጤና ጣቢያ ቅርብ ከሆነ በደም ሥር ፈሳሽ ተደርጎለት በአምቡላንስ ይላክ። የአይረን ኪኒን ሰገራ ያጠቁራል፣ ቀይ ሥርም ያቀላል፤ ግን በግምት አትለፉት።

ሌላው የደም መፍሰስ ከራሱ ከዕጢው ነው። ወደ ጉበቱ ጠርዝ የቀረበ ትልቅ ዕጢ ሊፈነዳ ይችላል። ድንገተኛ ከባድ ሕመም፣ ገርጥቶ መቅረት፣ ራስን መሳት ምልክቱ ነው። እዚህ ላይ አደራ የምለው አንድ ነገር ነው። ማንም ሰው ሆዱን እንዳያሽ። ወጌሻም ይሁን እናት፣ በቅቤም ይሁን በዘይት። ለፍቅር የተደረገ እሽት ዕጢ ሊያፈነዳ ይችላል።

6. ቢጫነትና ማሳከክ

ቢጫነት ሲመጣ ብዙ ሰው "የወፍ በሽታ" ነው ብሎ ወደ ቅጠል ይሄዳል። እዚያ የሚጠፋው ጊዜ ነው የሚቆጨው። ዕጢው የሐሞት ቱቦን ዘግቶ ከሆነ ቱቦው በኢንዶስኮፒ ወይም በቆዳ በኩል ሊከፈት ይችላል። ሰገራው ከነጣ፣ ሽንቱ ከጠቆረና ካሳከከው መዘጋት ይጠረጠራል፤ አልትራሳውንድ ይነሣ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ከተጨመረበት የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው።

ለማሳከክ፦ ጥፍር ማሳጠር፣ ለብ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ውሃ፣ ሽታ የሌለው ቅባት፣ ልል ያለ የጥጥ ልብስ። ኮሌስታይራሚን ከታዘዘ ሌሎቹ መድኃኒቶች ከእሱ ከ1 ሰዓት በፊት ወይም ከ4 ሰዓት በኋላ ይሰጡ፤ አለበለዚያ አንጀት ውስጥ ይይዛቸዋል።

7. ሕመም፣ ማስታገሻና ያ የታወቀው መርፌ

ሕመሙ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ነው። አንዳንዴ ወደ ቀኝ ትከሻ ይወጣል፤ ቤተሰቡም ብርድ ነው ብሎ ትከሻ ያሻል።

በጣም የሚያበሳጨኝ የዳይክሎፌናክ መርፌ ነው። ሰፈር ክሊኒክ ገብቶ "አመመኝ" ላለ ሁሉ ይወጋል። ሲሮሲስ ላለበት ሰው ግን ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ኩላሊትን ሊያቆሙና ጨጓራን ሊያደሙ ይችላሉ። የሆድ ውሃንም ያብሳሉ። ስማቸውን ጽፋችሁ ከታማሚው ካርድ ጋር አያይዙ። ከዚህ ሌላ ደሙ ቶሎ የማይረጋ ሰው ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ሁሉ ደም ሊቋጥርበት ይችላል። ጥርስ ከመንቀሉም በፊት ለጥርስ ሐኪሙ መንገር አለበት።

ፓራሲታሞል ግን ጉበት ስለታመመ ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም። በቀን ከ2 ግራም ሳይበልጥ፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከአራት ፍሬ ሳይበልጥ፣ ከሌሎቹ ማስታገሻዎች ይመረጣል። የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ አብራችሁ ቁጠሩ።

ያ ካልበቃ ሞርፊን አለ። እኛ ዘንድ "ሞርፊን ተጀመረ" ማለት "አበቃለት" ማለት ይመስላል። እንዲያ አይደለም። ሕመሙ ሲታገሥ ሰው ይበላል፣ ይተኛል፣ ይራመዳል። የደከመ ጉበት መድኃኒቱን ቶሎ ስለማያስወግድ ሐኪሞች በትንሽ መጠን ይጀምራሉ፤ በሰዓቶቹ መካከል ያለውንም ጊዜ ያራዝማሉ። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፣ የሆድ ድርቀት ደግሞ መቀባዠርን ይጠራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሆድ የሚያለሰልስ አብሮ ይታዘዝ። ካልታዘዘ እናንተ ጠይቁ። ጉበቱን የሸፈነው ስስ ቆዳ ተወጥሮ ለሚመጣ ሕመም ዴክሳሜታሶን የሚረዳቸውም አሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ የማስታገሻ ክትትል ይሰጣል። የማስታገሻ ሕክምና የሚጠራው የመጨረሻው ሳምንት ላይ አይደለም። ከካንሰር ሕክምናው ጎን ለጎን ቀደም ብሎ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው።

8. ምግብና ጾም

"ጉበት ስላመመው ሥጋና እንቁላል አይብላ" የሚለው ምክር ዛሬም ይሰማል። ጊዜው ያለፈበት ነው። የጉበት ታማሚ በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን በቀን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ብቻ ስላለው ነገሩ ቀላል አይደለም። የሚቀባዥር ሰውም ቢሆን ፕሮቲን አይከለከልም። እንዲያውም የምስርና የሽሮ ፕሮቲን ይበልጥ ይስማማዋል። በዚህ በኩል የእኛ ገበታ የታደለ ነው።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ጤናማ ጉበት ሌሊቱን ከራሱ ክምችት ስኳር እያወጣ ያሳድራል። የታመመው ክምችት ስለሌለው ጡንቻ ያቃጥላል። ስለዚህ በቀን አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይብላ። ከመተኛቱ በፊትም ሌላ መክሰስ ይጨመርለት፦ በሶ፣ ቂንጬ፣ አጃ ወይም ዳቦ በማር። ከእንቅልፍ እንደነቃም ቶሎ ቁርስ ይቅመስ። የስኳር በሽታ ካለበት የመክሰሱን ዓይነት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።

ታዲያ ጾሙስ? እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መዋል ለዚህ ሰው ከባድ ጉዳት ነው። የጾሙ ምግብ ራሱ አይጎዳውም። የሚጎዳው ባዶ ሆድ መዋሉ ነው። የንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዳችሁ ሕመሙን በግልጽ አስረዱ፤ ለታመመ ሰው ማቅለያ አለ። በእስልምናም ታማሚ ረመዳንን እንዳይጾም ፈቃድ አለው። አዛውንቶች ከልጆቻቸው ይልቅ የሃይማኖት አባታቸውን ይሰማሉ፤ አትከራከሯቸው፣ አባን ጥሩላቸው።

ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ያልተፈላ ወተት ይቅሩ። የጉበት ታማሚ ኢንፌክሽን የመቋቋም አቅሙ ደካማ ነው። ውጭ አገር ላላችሁ ያልበሰለ የባሕር ምግብም እንዲሁ። አልኮል ደግሞ ጠላም ጠጅም አረቄም አንድ ነው፤ "ጠላ ቀላል ነው" የሚባል ነገር የለም። ጫትም ይቅር። ለረጅም ጊዜ መቃም ከጉበት ጉዳት ጋር እንደሚያያዝ በሐረርጌ አካባቢ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። የሻገተ ለውዝ፣ በቆሎና በርበሬ አጥባችሁ ለመጠቀም አትሞክሩ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በመታጠብም በመቁላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

9. ጠበልና የባህል መድኃኒት

ጠበል የሚሄድ ሰው ይሂድ። መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። ጠበሉም መድኃኒቱም የሚሉ አባቶች ብዙ ናቸው። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ብዙ ሊትር ጠጥቶ ማስመለስ፣ ደም ሥሮቹ ላበጡበት ሰው ደም ሊያስተፋው ይችላል። ሶዲየሙ የወረደበት ሰውም ብዙ ውሃ አይችልም። ጥቂት ተጎንጭቶ መጠመቅ ይቻላል።

ኮሶና በባሕል አዋቂ የሚበጠበጥ ያልታወቀ ቅጠል ግን ጉበት ላይ ፍርድ እንደ መስጠት ነው። ከወሰደም ለሐኪሙ ንገሩ። ሐኪሙ ሊቆጣችሁ ይችላል፤ ግን ማወቅ አለበት።

10. ከሕክምና በኋላ የሚመጡ ነገሮች

ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ፣ በሙቀት ሊቃጠል፣ የደም ሥሩ ሊዘጋ ወይም በኪኒንና በመርፌ ሊታከም ይችላል። ንቅለ ተከላም አለ። ብዙ ማዕከሎች የሚጠቀሙበት መስፈርት አንድ ዕጢ ከሆነ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ እስከ ሦስት ከሆኑ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ3 ያልበለጡ ነው። ወደ ሕንድ ወይም ቱርክ ለመሄድ ገንዘብ ከማሰባሰባችሁ በፊት ፋይሉን ልካችሁ ይህን አጣሩ። ቤት ከተሸጠ በኋላ "አይሆንም" የተባለ ቤተሰብ አለ።

የዕጢው ደም ሥር ከተዘጋ በኋላ ለጥቂት ቀናት ትኩሳት፣ ሕመምና ማቅለሽለሽ ይጠበቃል። ትኩሳቱ ከሳምንት ካለፈ ወይም ብርድ ብርድ ካለው መግል ሊሆን ስለሚችል ይታይ። ሶራፌኒብ የሚባለውን የካንሰር ኪኒን የሚወስድ ሰው መዳፉና የእግሩ ውስጥ ሊቀላና ሊላጥ ይችላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዩሪያ ያለበት ቅባትና ለስላሳ ጫማ ይጠቀም፣ ደም ግፊቱም ይለካ። ሲብስ መጠኑ ይቀነሳል እንጂ ዝም ብሎ አይቆምም። ቤቫሲዙማብ የሚባለው በደም ሥር የሚሰጥ የካንሰር መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ደም የማፍሰስ አደጋ ስላለ ከመጀመሩ በፊት ኢንዶስኮፒ መደረግ አለበት። አልተደረገም? ጠይቁ።

አሜሪካ ያላችሁ ሆስፒታሉን ነጻ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የአባቷን የካንሰር ውጤት አታስተርጉም።

11. የቀረው ቤተሰብ ይመርመር

መነሻው ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ እናት፣ ወንድምና እህት፣ የትዳር ጓደኛና ልጆች ሁሉ የደም ምርመራ ያድርጉ። ብዙ ሰው ቫይረሱ እንዳለበት የሚያውቀው ደም ሲለግስ ወይም ለዓረብ አገር ሥራ የሚደረገውን ሜዲካል ሲወድቅ ነው። ከዚያ "ወደቅኩ" ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ክትትል የሚባል ነገር ሳይጀምር ዓመታት ያልፋሉ። ሄፓታይተስ ቢ ሲሮሲስ ሳይኖርም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ወጣት ቢሆንም፣ ምንም ባያመውም፣ ቫይረሱን የሚያዳክመው ቴኖፎቪር የሚባል ኪኒን ያስፈልገው እንደሆነና በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ መነሣት ይኖርበት እንደሆነ ይጠይቅ። ቴኖፎቪር የጀመረ ሰው በራሱ ጊዜ አያቁም፤ ቫይረሱ ድንገት አገርሽቶ ጉበቱን ሊጥለው ይችላል።

በማዕድ፣ በጉርሻና በመተቃቀፍ አይተላለፍም፤ የታማሚውን ሳሕን አትለዩበት። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና የጥፍር መቁረጫ ግን ለየብቻ ይሁን። ቫይረሱ የሌለባቸው ያልተከተቡ ሰዎች ሦስት ክትባት ይውሰዱ፦ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላና ከ6 ወር በኋላ። ኢትዮጵያ ውስጥ ክትባቱ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደ አዋቂ "ልጅ ሆኜ ተከትቤያለሁ" ብሎ አይተማመን። ቤቱ ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ አሁኑኑ ትመርመር። ቫይረሱ ካለባት በእርግዝናው መጨረሻ የምትወስደው መድኃኒት አለ፤ ሕፃኑም በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ አለበት፤ ስለዚህ የምትወልድበት ሆስፒታል ክትባቱ መኖሩን ምጥ ሳይመጣ ደውላችሁ አረጋግጡ።